ፕሮግራማችሁ ሥራውን ሳያቆም ኪቦርዱን እንዲያይ

ሦስት ሺህ ፎቶ ከካሜራ ካርድ ወደ ውጭ ዲስክ የሚገለብጥ ስክሪፕት ጽፋችኋል እንበል። ሥራው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። መሐል ላይ ማቆም ስትፈልጉ ያላችሁ ምርጫ ኮንትሮልንና ሲን አንድ ላይ መጫን ነው። እሱ ደግሞ በመገልበጥ ላይ ያለውን ፋይል ከወገቡ ይቆርጠዋል፤ ዲስኩ ላይ የሚቀረው የተበላሸ ግማሽ ፎቶ ይሆናል። እናንተ የምትፈልጉት ሌላ ነው፤ አንድ ቁልፍ ስትነኩ ፕሮግራሙ የያዘውን ፎቶ ጨርሶ በሥርዓት እንዲቆም።

ለዚህ ፕሮግራሙ በየመሐሉ «ኪቦርድ ላይ የሚጠብቀኝ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከሌለም ሳይቆም ወደ ሥራው መመለስ አለበት። ፓይተን የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይኼንኑ ነው። አብዛኞቹ መጀመሪያ ኢንፑት የተባለውን ፋንክሽን ሞክረው ፕሮግራሙ ደርቆባቸዋል። ኢንፑት ዞር ብሎ አይቶ አይመለስም፤ ኢንተር እስኪመታ ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም።

የምትፈልጉት ፓይተን 3 እና ተርሚናል ብቻ ነው። ሲስ፣ ኦኤስ፣ ሴሌክት፣ ተርሚኦስ እና ቲቲዋይ የተባሉት ሞጁሎች በሊኑክስና በማክ ከፓይተን ጋር አብረው ይመጣሉ፤ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር የለም። ከደረጃ 1 እስከ 7 ያለው ለሊኑክስና ለማክ ነው። የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ደረጃ 1ን አንብባችሁ ወደ ደረጃ 8 ማለፍ ትችላላችሁ፤ የአማርኛ ፊደልን ጉዳይ ግን ደረጃ 7 ላይ እንዳያመልጣችሁ። የፋንክሽኖቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ኮድ ውስጥ የሚገቡት በትንንሽ የላቲን ፊደላት ነው።

1. ቁልፉ የት እንደሚቆም ተረዱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጣታችሁ ቁልፉን ሲነካ ፊደሉ በቀጥታ ወደ ፕሮግራማችሁ አይገባም። መጀመሪያ የሚቀበለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተርሚናል ክፍል ነው። ይህ ክፍል በተለመደው ጠባዩ መስመር ይሰበስባል፦ ፊደሎቹን ያጠራቅማል፣ ባክስፔስ ስትጫኑ የመጨረሻውን ያጠፋል፣ እናንተ እንድታዩትም ስክሪኑ ላይ ይጽፈዋል። ለፕሮግራሙ የሚያስረክበው ግን ኢንተር ሲመታ ነው፤ ያኔ መስመሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይለቃል።

በዓይናችሁ ብታዩት ይሻላል። በየሰከንዱ አንድ ነጥብ የሚያትም፣ በየነጥቡም መሐል ኪቦርዱን በሴሌክት የሚጠይቅ አጭር ሉፕ ጻፉ፤ የሴሌክት አጠቃቀም ደረጃ 5 ላይ አለ። አስኬዱትና «ሰላም» ብላችሁ ጻፉ። ቃሉ በነጥቦቹ መሐል ተበታትኖ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ፕሮግራሙ ግን አሁንም «ምንም የለም» ይላል። ኢንተር ስትመቱ የጻፋችሁት ሁሉ ባንድ ጊዜ ይደርሰዋል።

ስለዚህ ስክሪን ላይ የታየ ፊደል ፕሮግራሙ ዘንድ ደረሰ ማለት አይደለም። «ሴሌክት አይሠራም» ብለው የሚተዉ ሰዎች ይህን ሳያውቁ ነው። ሴሌክት እውነቱን ነው የነገራቸው፤ ፊደሉ ገና አልተለቀቀም።

2. የምታነቡት በእርግጥ ኪቦርድ መሆኑን አረጋግጡ

አንድ ፕሮግራም ግብዓቱን ሁልጊዜ ከኪቦርድ አያገኝም። ከፋይል ወይም ከሌላ ፕሮግራም ሊመጣለት ይችላል፤ ፕሮግራሞችን በቀጠሮ የሚያስነሳው ክሮን ሌሊት ላይ ሲያስኬደው ደግሞ ተርሚናል ጭራሽ የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የተርሚናሉን ጠባይ ለመቀየር ከሞከራችሁ ፕሮግራሙ ቁጥር 25 ስሕተት አውጥቶ ይሞታል። ሲስ ውስጥ ያለውን፣ ፕሮግራሙ ግብዓቱን የሚቀበልበትን ስታንዳርድ ኢን ተርሚናል መሆኑን በኢዝ-ኤቲቲዋይ ጠይቁት። «አይደለም» ካለ የቁልፍ ጥያቄውን በሙሉ ዝለሉና ዋናው ሥራ ይቀጥል። ቀን ጠረጴዛችሁ ላይ የሚሠራ ስክሪፕት ሌሊት በክሮን የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት የዚህ አንድ መስመር መጉደል ነው።

ከፓይተን ጋር በሚመጣው የኮድ መጻፊያ፣ በአይድል ውስጥም አትሞክሩት። የአይድል መስኮት እውነተኛ ተርሚናል ስላልሆነ የሚቀጥሉት ደረጃዎች እዚያ አይሠሩም።

3. ነባሩን ጠባይ መዝግቡ

ተርሚናሉ የፕሮግራማችሁ ንብረት ብቻ አይደለም፤ ከእሱ በፊት ሌላው ተጠቅሞበታል፣ ከእሱ በኋላም ይጠቀምበታል። ተርሚኦስ ውስጥ ያለው ቲሲ-ጌት-አትር ያለውን ጠባይ እንዳለ ይሰጣችኋል። በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጡት። ይህ ካልተቀመጠ በኋላ የምትመልሱት ነገር አይኖርም።

4. ወደ ሲብሬክ አዙሩ፤ መመለሻውንም አብራችሁ ጻፉ

ቲቲዋይ ሞጁል ውስጥ ሴት-ሲብሬክ የሚባል ፋንክሽን አለ። የመስመር መሰብሰቡን ጠባይ ያቆማል፤ ፊደሉ እንደተነካ ወዲያው ይለቀቃል፣ ስክሪን ላይም በራሱ መጻፉ ይቀራል። አጠገቡ ሴት-ሮው የሚባል ወንድም አለው። ብዙ ምሳሌዎች እሱን ስለሚያሳዩ ሰዎች ይቀዱታል፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ግን አልመክረውም። ሮው ኮንትሮልና ሲ የማቋረጥ ኃይላቸውን እንዲያጡ ያደርጋል፤ ሉፓችሁ ስሕተት ካለበት ከፕሮግራሙ መውጫ ታጣላችሁ። የሚታተመው ጽሑፍም በየመስመሩ ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ ደረጃ የሚወርድ ይመስላል። ሲብሬክ ሁለቱንም አይነካም።

መመለሻው ከማዞሪያው ጋር በአንድ ጊዜ ይጻፍ። ሥራውን በሙሉ በትራይ ውስጥ አስገቡና ፋይናሊ ውስጥ በቲሲ-ሴት-አትር የመዘገባችሁትን መልሱ። ፕሮግራሙ ጨርሶም ይውጣ፣ ስሕተት ገጥሞትም ይውደቅ፣ በኮንትሮልና ሲም ይቋረጥ፣ ፋይናሊ ይሠራል። ይህን ካልጻፋችሁ ፕሮግራሙ ከሞተ በኋላ ተርሚናሉ የምትጽፉትን አያሳያችሁም። ያ ከደረሰባችሁ መስኮቱን አትዝጉት፤ ፊደሉ ባይታያችሁም ሪሴት የሚለውን ትእዛዝ ጻፉና ኢንተር ምቱ፤ ይመለሳል።

አንድ ስውር ስሕተት አለ፤ እኔንም ብዙ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ሰዎች በሉፑ ውስጥ በየዙሩ ወደ ሲብሬክ ያዞሩና ጠይቀው መልሰው ይመልሳሉ፤ ጥንቃቄ ይመስላቸዋል። ሴት-ሲብሬክ ግን ምንም ካልተነገረው በቀር ሲያዞር ያልተነበቡትን ቁልፎች ጠርጎ ይጥላል። ሥራው መሐል ላይ የነካችሁት ማቆሚያ ፕሮግራሙ ሊያየው ሲል ይጠፋል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ አዙሩ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ መልሱ።

5. ጠይቁ

የሴሌክት ፋንክሽን አራት ነገር ይቀበላል። የመጀመሪያው ለመነበብ ተዘጋጅተው እንደሆነ የምትጠይቋቸው ምንጮች ዝርዝር ነው፤ እዚያ ስታንዳርድ ኢንን ብቻ አስገቡ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለእኛ ሥራ ባዶ ዝርዝር ናቸው። አራተኛው በሰከንድ የሚለካ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። መልሱም ሦስት ዝርዝር ነው፤ የመጀመሪያው ባዶ ካልሆነ የሚጠብቅ ቁልፍ አለ።

አራተኛውን ነገር ከረሳችሁት ሴሌክት ቁልፍ እስኪነካ ድረስ ይጠብቃል፤ ወደሸሻችሁት የኢንፑት ችግር ተመለሳችሁ ማለት ነው። ዜሮ ከሰጣችሁት አይቶ ወዲያው ይመለሳል። ፎቶ እንደሚገለብጠው ስክሪፕት ሌላ ሥራ ላለው ፕሮግራም ዜሮ ትክክል ነው። ነገር ግን ፕሮግራማችሁ ቁልፍ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ ከሌለው፣ ለምሳሌ ሰዓት እያሳየ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ዜሮ አትስጡት። በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየጠየቀ የፕሮሰሰሩን አንድ ኮር መቶ በመቶ ይይዘዋል፤ መብራት ሄዶ በባትሪ ስትሠሩ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። የሰከንድ አንድ አሥረኛ ስጡት። ሰው መዘግየቱን አያስተውለውም፣ ማሽኑም ያርፋል።

የሥራው አጽም ይኸውና፦

ነባሩን ጠባይ መዝግብ
ሞክር፦
— ወደ ሲብሬክ አዙር
— ለእያንዳንዱ ፎቶ፦
— — ገልብጥ
— — የሚጠብቅ ቁልፍ ካለ አንብብ፤ ማቆሚያው ከሆነ ከሉፑ ውጣ
በመጨረሻ፦
— ነባሩን ጠባይ መልስ

ጥያቄው ከመገልበጡ በኋላ መቀመጡን ልብ በሉ። ሃያ ሰከንድ የሚፈጅ ትልቅ ቪዲዮ መሐል ላይ ማቆሚያውን ብትነኩ መልሱ ከሃያ ሰከንድ በኋላ ይመጣል፤ ቁልፉ ግን አይጠፋም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዘንድ ይጠብቃል። የፈለግነውም ይኼው ነው፤ ፋይሉ ሳይቆረጥ ይወጣል። ተጠቃሚው ግራ እንዳይገባው መነሻ ላይ «ለማቆም 0ን ይንኩ፤ የተያዘው ፋይል እስኪያልቅ ይጠብቁ» የሚል መስመር አትሙለት።

6. ያለውን በሙሉ አንብቡ

ሴሌክት «አለ» ሲል ብዙ ሰው ስታንዳርድ ኢንን «አንድ ፊደል አንብብ» ይለዋል። አንድ ቁልፍ ብቻ ሲነካ ይሠራል፤ ቶሎ ቶሎ ሲነካ ግን ቁልፎች የጠፉ ይመስላል። ምክንያቱ ፓይተን የራሱ ማጠራቀሚያ ስላለው ነው። አንድ ፊደል ስትጠይቁት ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚጠብቀውን ሁሉ ይወስድና አንዱን ሰጥቷችሁ ቀሪውን በጓዳው ያስቀምጣል። ቀጥሎ ሴሌክትን ስትጠይቁት የሚያየው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በር ብቻ ነው። እዚያ ባዶ ስለሆነ «የለም» ይላችኋል፤ ፊደሎቹ ግን ፓይተን ጓዳ ውስጥ ተቀምጠዋል።

መፍትሔው ኦኤስ ሞጁል ውስጥ ባለው ሪድ ማንበብ ነው፤ ጓዳ የለውም። የስታንዳርድ ኢንን የፋይል ቁጥር በፋይል-ኖ ውሰዱና እስከ 1024 ባይት ድረስ እንዲያነብ ንገሩት። ያን ያህል ባይኖርም አይጠብቅም፣ ያለውን ሰጥቶ ይመለሳል። ሁለቱን የማንበቢያ መንገዶች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አትቀላቅሉ።

የተመለሰው ባዶ ከሆነ ግብዓቱ ተዘግቷል ማለት ነው። ባዶነቱን ሳታዩ ካለፋችሁ ሴሌክት የተዘጋን ግብዓት ሁልጊዜ «ለመነበብ ዝግጁ» ስለሚል ሉፓችሁ ባዶ እያነበበ ማለቂያ ያጣል። ባዶ ሲመጣ ኪቦርዱን መጠየቅ አቁሙ።

7. ባይቱን ፊደል አታድርጉት

እዚህ ላይ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ አለብን። ኦኤስ-ሪድ የሚሰጣችሁ ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ በእሱ ለሚጽፉ ሰዎች አንድ ባይት ማንበብ አንድ ፊደል ማንበብ ይመስላቸዋል። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው። «አ» 225፣ 138፣ 160 ሆኖ ይመጣል። አንድ ባይት ብቻ አንብባችሁ ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ ብትሞክሩ ስሕተት ታገኛላችሁ፤ ቀሪዎቹ ሁለት ባይቶችም እንደ ሌላ ቁልፍ ይቆጠራሉ። ኮዴክስ ሞጁል ውስጥ ኢንክሪመንታል ዲኮደር የሚባል አለ፤ የመጡትን ባይቶች እየሰጣችሁት ሂዱ። ፊደሉ እስኪሞላ ይዞ ይቆያል፣ ሲሞላ ይሰጣችኋል።

ከዚህ የባሰው የማቆሚያ ቁልፍ ምርጫ ነው። ብዙ የውጭ ምሳሌዎች ለማቆም የላቲኑን ኪው ይመርጣሉ። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ከሆነ ያው ቁልፍ ብዙ ጊዜ «ቅ» ነው የሚሆነው፤ 225፣ 137፣ 133። ፕሮግራሙ አንድ ባይት 113 ሲጠብቅ ሦስት ሌሎች ባይቶች ይመጡለታል፣ አያቆምም። ይባስ ብሎ አንዳንድ የአማርኛ መጻፊያዎች ቀጣዩን አናባቢ ለማየት «ቅ»ን ይዘው ስለሚቆዩ እስከዚያ ለተርሚናሉም አይደርስም። ተጠቃሚዎቻችሁ አማርኛ የሚጽፉ ከሆኑ ማቆሚያውን ቁጥር አድርጉት፤ 0 በባይት 48 ነው። ኪው ይሁን ካላችሁም «ቅ»ን አብራችሁ ተቀበሉ። ኢንተርን የምትጠብቁ ከሆነ 10ንም 13ንም ተቀበሉ፤ እንደ ተርሚናሉ ጠባይና እንደ ፓይተኑ ቁጥር ይለያያል።

የቀስት ቁልፎችም ብቻቸውን አይመጡም። ወደ ላይ የሚያመለክተው 27፣ 91፣ 65 ሆኖ ነው የሚደርሰው፤ አንዳንዴ መሐሉ 79 ይሆናል። 27 ብቻውን ኢስኬፕ ነው። 27ን ስታዩ «ኢስኬፕ ተነካ» ብላችሁ ፕሮግራሙን ካቆማችሁት ቀስት የነካ ሁሉ ያቆመዋል። ባነበባችሁት ውስጥ ከ27 በኋላ ምንም ከሌለ ሴሌክትን ለአጭር ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁ፤ ተከታይ ከመጣ ቀስት ነው፣ ካልመጣ ኢስኬፕ። ከአዲስ አበባ ሆናችሁ በኤስኤስኤች ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ስትሠሩ ግን ባይቶቹ በመንገድ ተለያይተው ሊደርሱ ስለሚችሉ ለጠረጴዛችሁ የበቃው ጊዜ እዚያ ላይበቃ ይችላል። ለማቆሚያ ኢስኬፕን የማልመርጠው ለዚህ ነው።

8. ዊንዶውስ ላይ

ዊንዶውስ ላይ ሴሌክት የሚሠራው ለኔትወርክ ሶኬት ብቻ ነው፤ ለኪቦርድ ብትሰጡት ስሕተት ያወጣል። ተርሚኦስም የለም። በምትኩ ኤም-ኤስ-ቪ-ሲ-አር-ቲ የሚባል ሞጁል ከፓይተኑ ጋር ይመጣል። በውስጡ ኬቢ-ሂት የተባለው ፋንክሽን የሚጠብቅ ቁልፍ ካለ ይነግራችኋል፣ ሳይቆምም ይመለሳል። ካለ በጌት-ደብሊው-ሲ-ኤች አንብቡት፤ ይህኛው ሙሉ ፊደል ስለሚሰጥ የባይቱን ጣጣ ያድናችኋል። በጌት-ሲ-ኤች ካነበባችሁ ግን የሚሰጣችሁ ባይት ነው። ቀስት ሲነካ ሁለት ጊዜ ማንበብ አለባችሁ፤ መጀመሪያ 0 ወይም 224 ይመጣል፣ ቀጥሎ ትክክለኛው ኮድ፦ ላይ 72፣ ታች 80፣ ግራ 75፣ ቀኝ 77። ጠባይ መመዝገብና መመለስ አያስፈልግም።

ስክሪፕቱ በሁለቱም ዓይነት ማሽን ላይ የሚሠራ ከሆነ «የሚጠብቅ አለ?» እና «አንብብ» የሚሉ ሁለት ፋንክሽኖች ለየብቻ ጻፉ፤ የማሽኑ ልዩነት በእነሱ ውስጥ ይደበቅ። ዋናው ሉፕ ስለ ዊንዶውስም ስለ ሊኑክስም ማወቅ የለበትም።

ኪቦርድ የሚል ስም ያለው ተጨማሪ ላይብረሪም አለ፤ አጠቃቀሙ ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ይጭኑታል። ሊኑክስ ላይ የሩት ሥልጣን ይጠይቃል። ከዚያም በላይ የሚሰማው የማሽኑን ኪቦርድ በሙሉ ነው፤ በሌላ መስኮት የምትጽፉት የይለፍ ቃል ሳይቀር በእሱ በኩል ያልፋል። ፎቶ መገልበጥ ለማቆም ይህን ያህል ሥልጣን ለማንም አትስጡ።

9. ከአደገኛ ጥያቄ በፊት ያደረውን ጥረጉ

በአንድ ወቅት የቆዩ ፋይሎችን የሚያጸዳ ስክሪፕት ጽፌ ነበር። ዝርዝሩን እስኪያዘጋጅ ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ይላል። የደረቀ መስሎኝ ኢንተር ሦስት ጊዜ መታሁ። ዝርዝሩ አልቆ «እነዚህን ልሰርዝ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ መልሱ አስቀድሞ ተሰልፎ ይጠብቀው ነበር፤ ኢንተር ብቻውን «አዎ» ማለት እንዲሆን አድርጌ ነበርና። ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ የአንድ ዓመት የስብሰባ ማስታወሻዬ ጠፋ።

ቁልፍ የሚጠብቅ መሆኑ ደረጃ 5 ላይ ጥቅም ነበር፤ እዚህ ግን አደጋ ነው። ስለዚህ ማጥፋትን፣ መላክን ወይም መክፈልን የሚመለከት ጥያቄ ከማተማችሁ በፊት የተሰለፈውን ጥረጉ። ሊኑክስና ማክ ላይ ተርሚኦስ ውስጥ ያለው ቲሲ-ፍለሽ ይጠርገዋል፤ ከፋይል ቁጥሩ ጋር ቲ-ሲ-አይ-ፍለሽ የሚለውን በትላልቅ ፊደላት ስጡት። ዊንዶውስ ላይ ኬቢ-ሂት «የለም» እስኪል ድረስ እያነበባችሁ ጣሉ። መልሱን በኢንፑት የምትቀበሉ ከሆነ መጀመሪያ ተርሚናሉን ወደ ነባር ጠባዩ መልሱ፤ ያለዚያ ተጠቃሚው የሚጽፈው አይታየውም። ኢንተር ብቻ ሲመጣ ደግሞ መልሱ «አይ» ይሁን።

ዛሬ የምትጠቀሙበትን ስክሪፕት ክፈቱና «ልሰርዝ?» የሚል መስመር ፈልጉ። ካለ መጥረጊያውን ከሌላው ሁሉ በፊት እዚያ ጨምሩ።